በጓሮ ኩሬ ዓሣ ስለ ማርባት

በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው መገኘቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፥ ከዶሮና ከማር ጋር ለዓሣም ስፍራ ስለ ሰጠው ነገሩ የጥቂቶች ምኞት መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ስለ ኩሬው አቆፋፈር የሚናገር ሲበዛ ስለ ዓሣው አወላለድ የሚናገር ጥቂት ነው። ከአቆፋፈሩ ይልቅ ብዙውን ኩሬ የሚያበላሸው ግን አወላለዱ ነው።

በአገራችን ለኩሬ የሚመረጠው ዓሣ ቆሮሶ ነው። በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ የሚኖር የአገር ልጅ ስለሆነ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። ቀለቡም አያስቸግርም። በኩሬው ጥቂት ፍግ ሲጨመር ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ቆሮሶም ያንኑ አረንጓዴ ይመገባል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢታከልለት ደግሞ ፈጥኖ ይወፍራል።

ሴቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ይዛ ነው። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ፥ ሁለት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ፥ ሁዳዴ እንደ ገባባት ሁሉ ምግብ አትቀምስም ለማለት ይቻላል። አደጋ ሲመጣም ልጆቿን መልሳ ወደ አፏ ትሰበስባቸዋለች። እንዲህ ያለች እናት ልጆቿ ብዙ አይሞቱባትም። ውሃው ሞቃት ከሆነ ደግሞ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜዋ መውለድ ትጀምርና በየጥቂት ሳምንቱ ትደጋግማለች።

እንግዲህ አንድ ሰው መቶ ካሬ ሜትር በሆነ ኩሬ ሁለት መቶ ጫጩት ለቀቀ እንበል። በዓመቱ መረቡን ሲጥል የሚያወጣው በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ከጣት አይበልጥም። ቀለቡ ለሁሉ ስላልተዳረሰ ሁሉም ቀጭጮ ቀርቷል። ባለቤቱም «ዘሩ አይረባም» ይልና ኩሬውን ይተወዋል። በቆላ አገር የተተወ ኩሬ ዳሩ ሣር ሲያበቅል ማን እንደሚራባበት የወባ በሽተኛ ሁሉ ያውቃል። ሽንኩርት ሊበቅልበት ይችል የነበረው መሬትም በከንቱ ይቀራል።

እንደ እኔ አሳብ ጥፋቱ የዚህ ሰው አይደለም። ጫጩት አዳዩ ይህን ያህል ሺህ አደልሁ ብሎ ከሚመሰገን፥ ከኩሬዎቹ ስንት ኪሎ ወጣ ተብሎ ቢጠየቅ ይሻል ነበር። ጫጩቱን በሆርሞን ሁሉንም ወንድ ማድረግ የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ ይህ ግን በሰበታ እንዳለው የምርምር ማዕከል ላሉ ባለሙያዎች የሚተው እንጂ በጓሮ የሚሞከር አይደለም። ለጓሮ የሚሆነው የእጅ ሥራ ነው። ዓሣው ሠላሳ ግራም ያህል ሲሆን ገልብጦ ማየት ነው፤ ወንዱ ከፊንጢጣው በስተኋላ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ሲኖረው ሴቲቱ ሁለት አሏት። ወንዱ ፈጥኖ ስለሚያድግ እሱን አስቀርቶ ሴቲቱን ለዶሮ ቀለብ ማድረግ ይቻላል። ዓይን ይሳሳታልና ትንንሽ አምባዛ ጥቂት ቢጨመሩ ሳይታሰብ የተወለደውን ይለቅሙታል፤ አምባዛው ከቆሮሶው ካነሰ ግን ነው፤ ከበለጠ ባለቤቱ የሚያበላው ለአንድ ዓሣ ብቻ ይሆናል!

ለደጋ ሰው ሌላ ምክር አለኝ። ቆሮሶ ሙቀቱ ከሃያ ዲግሪ ሲወርድ ማደጉን ያዘገያል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር ብርዱን የሚችለው ካርፕ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ያየ ሰውም ርቧቸው ነው ብሎ ፍግና ፉርሽካ አይጨምር፤ ያጡት አየር ነውና አዲስ ውሃ ይልቀቅላቸው። ኩሬው ከቤት አጠገብ የሚቆፈር ከሆነ ደግሞ፥ ሜትር የሚጠልቅ ውሃ ለሕፃን ባሕር ነውና፥ ከጫጩቱ አስቀድሞ አጥሩ ይሠራ።