እንግዳ ይከበር፤ ጎረቤት ግን አይፈናቀል!

የቁስቋም አካባቢ ነዋሪዎች፤

በየግቢው ያለው ሰርቪስ ቤት ሴራሚክ እየተነጠፈለት፣ ሶፋ እየገባለት፣ «ፈርኒሽድ» እየተባለ በአዳር ሲከራይ እያየን ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ በዚህ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ጎብኚ በዝቷል፤ ከውጭ የሚመጣው ወገናችንም ማረፊያ ይሻል። ይምጣ! ለኅዳር 6 ንግሥ ዘመድ ሲመጣ አልጋችንን ለቀን መሬት የምንተኛ ሰዎች እንግዳ አትቀበሉ አንልም።

የምንቃወመው ሌላ ነው። በዚያ ክፍል ትናንት ማን ነበረ? ሸማኔው አልነበረም እንዴ? እግሩን አስገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ። አሁን የሶፋው ትራስ ሳይቀር የሽሮ ሜዳ ጥበብ ለብሷል፤ ጥበበኛው ግን ከነመወርወሪያው ወጣ!

እንግዳው በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ዕድር የሚከፍለው፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚሸከመው ተከራዩ ጎረቤታችን ነው።

አንዳንዱ «ቤቱ የኔ፣ ምን አገባችሁ?» ይላል። ቤቱማ የርስዎ ነው። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ውሉ ሳያልቅ ሰው አስወጥቶ ግድግዳ መቀባት ሥልጣኔ ሳይሆን ሕግ መጣስ ነው።

ስለዚህ ባዶ ክፍል ያለው ለእንግዳ ያከራይ፤ ተከራይ ያለው ውሉን ያክብር። ያላግባብ ውጣ የተባለ ተከራይም ዝም ብሎ ዕቃውን አይሸክፍ፤ ወደ ማኅበሩ ይምጣ፣ አብረን ወደ ወረዳው እንሄዳለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት