ጎማ ሁሉ የፍሬን ጎማ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የመጓጓዣ ሒሳብ እየተወደደ ከሄደ ወዲህ በየቤቱ ጓዳ አቧራ ለብሶ የኖረው የአባት ቢስክሌት እየወጣ ለልጅ መሰጠት ጀምሯል። በአምቦ፤ በጉደርና በጊንጪ እንዲህ ባለው ቢስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች አሉ። ነገሩ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አባት ቢስክሌቱን ለልጁ ሲሰጥ ጎማውን ያስነፋል፤ ካቴናውን ዘይት ያስቀባል፤ ቀለሙን ያስወለውላል፤ ፍሬኑን ግን አንድ ጊዜ ጨበጥ አድርጎ «ይይዛል» ብሎ ያልፋል። ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምንኖርበት አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። አምቦ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን የወንጪ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ እኛ የሚወርድ ሰው ሥራው ፔዳል መርገጥ ሳይሆን ፍሬን መያዝ ነው። ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ የሚወስደውም መንገድ እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ዝናቡ ገና ጨርሶ አይለቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ፍሬኑ ጎማ ከቤቱ ወጥቶ በረረ። ልጁ ቦይ ውስጥ ገብቶ ክንዱ ተሰበረ፤ ከዚህ የባሰ ስላልደረሰበት እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ ቢስክሌቱን አየሁት። የፍሬኑ ጎማ የሚገባበት የብረት ቤት አንደኛው ጫፉ ክፍት፤ ሁለተኛው ዝግ ነው። ዝጉ ጫፍ ቸርኬው ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆን ሲገባው ጠጋኙ ገልብጦ አስሮታል። እንዲህ ከታሰረ የሚዞረው ቸርኬ ጎማውን በክፍቱ በኩል ጎትቶ ማውጣቱ አይቀርም። አስተካክሎ ለማሰር አንድ ብሎን መፍታት ብቻ ይበቃ ነበር።

ጎማውም ቢሆን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነበር። ይህ በየከተማው የተለመደ ነው፤ ለምን ብዬ ብጠይቅ «መምህር፤ ጎማ ጎማ ነው» የሚል መልስ አገኛለሁ። አይደለም። የመኪና ጎማ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ በውስጣቸው የብረት ሽቦ አላቸው። ሽቦው ብቅ ያለ ዕለት ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለበረባሶ የሚስማማ ሁሉ ለፍሬን አይስማማም። ካቴናንና ቸርኬን የመሰሉ ቃላት ከጣሊያኖች ስንወስድ ምነው የፍሬኑን ጎማ አመራረጥ አብረን ባልተውነው!

ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የቢስክሌቱን ፍሬን ዓይነት ነው። የእንግሊዙ ራሌና እርሱን ተከትለው የተሠሩት የሕንድና የቻይና ባለ 28 ቢስክሌቶች ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚሳብ ሲሆን ጎማው ቸርኬውን የሚይዘው በራጂው ወገን ከውስጥ በኩል ነው። የቸርኬያቸው ጎን ድቡልቡል ስለሆነ የጎን ፍሬን አይመቸውም። ባለ ሽቦው ግን ጠፍጣፋውን የቸርኬ ጎን ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጣል። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም፤ በመዶሻ አጣሞ ማስገባትም ጥገና አይባልም።

ቀጥሎ ቸርኬው ከምን እንደተሠራ ይታይ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አሉሚንየም ነው። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ በደረቅ ጊዜ ደህና ነው፤ ሲረጥብ ግን የጎማው መያዝ ከደረቁ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ሊወርድ እንደሚችል መሐንዲሶች በሙከራ ያረጋገጡት ነገር ነው። ለዚህም ሲባል ፊቱ ቆዳ የተለበጠ የፍሬን ጎማ በውጭ አገር ይሠራል፤ በዝናብ ከተራው ጎማ የተሻለ ይይዛል። ለአሉሚንየም ቸርኬ ግን አይደለም። ቆዳውን ያላገኘ ሰው ለስለስ ያለውን ጎማ ይምረጥ፤ በዝናብም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን በስሱ ነካ እያደረገ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ይጥረግ።

ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ አዲስ እንዳይመስለን። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል። እሽጉ ሳይከፈት ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ የፍሬን ጎማ እንደ ቀንድ ደርቆ ይገኛል። በአውራ ጣት ጥፍር ተጫን ቢያደርጉት ምልክት የማይቀበል ከሆነ ወይም ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ከታየ ይመለስ። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ብሎኑንና ርዝመቱን ማስተያየትም ይጠቅማል። ከታሰረ በኋላ ከቸርኬው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፤ የጎኑ ፍሬን ከፍ ብሎ የተሽከርካሪውን ጎማ ከነካ ይቆርጠዋል፤ ዝቅ ካለም ወደ ራጂው ሊገባ ይችላል። እጀታው ሲጨበጥ ማንቡሪዮው ድረስ የሚደርስ ከሆነ ልጁ በዚያ ቢስክሌት ከግቢ አይውጣ።

«አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይህን ማለት ቀላል ነው ወይ? ደግሞም ርካሽ ሆነው ከሚመጡት አዲሶች ውስጥ የፍሬን ጎማቸው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ አይቻለሁ።

የመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን ዕቃ ለማምጣት ወደ መርካቶ ሲወርዱ ባለ ዘንጉንና ባለ ሽቦውን ለይተው ቢያመጡልን፤ ከተቻለም ባለ ቆዳውን ጥቂት ጥቂት ቢያስመጡ፤ እኛ መምህራን በሰልፍ ላይ ለተማሪዎቻችን እንነግርላቸዋለን፤ ገዢም አያጡም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአምቦ