የባሊሄል መንደር የጨዋታ ማኅበር

ልጆች ሆይ፣ አንዳንድ ሰው ታላቅ ነገር የሚገኘው በታላቅ ከተማ ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህም የተወለደበትን መንደር እየናቀ፣ «እዚህ ተቀምጬ ምን አገኛለሁ» ይላል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ትንሽ መንደር በአየርላንድ አገር አለ፤ ስሙም ባሊሄል ይባላል። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ዝናው ግን በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል። ዝናውም የመጣለት በጦርነት ወይም በንግድ ሳይሆን በጨዋታ ማኅበሩ ነው። የዚህን ማኅበር ታሪክ የምንነግራችሁ የድሉን ብዛት እንድታደንቁ ብቻ አይደለም፤ ድሉ ከምን እንደ ተገኘ እንድታስተውሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው ሀርሊንግ ይባላል። የአገራችንን የገና ጨዋታ ያየ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በሁለቱም ጨዋታ ተጫዋቾች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው አንዲት ትንሽ ኳስ እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወገን ይነዳሉ። ዳሩ ግን የአየርላንዱ ጨዋታ በበዓል ሰሞን ብቻ የሚጫወቱት አይደለም፤ ሕጉም በጽሑፍ ተወስኗል። በየወገኑ 15 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሲቱን በምድር መንዳት ብቻ ሳይሆን፣ በአየር ላይ ሳለች መምታት፣ በእጅ መቅለብ፣ በበትሩም ጫፍ ላይ አስቀምጦ መሮጥ ይፈቀዳል። በሜዳው ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በመካከላቸውም አግዳሚ እንጨት አለ። ኳሲቱ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች እንደ ሆነ 1 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በታች ወደ መረቡ የገባች እንደ ሆነ 3 ነጥብ ይቆጠራል። ኳሲቱ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነችና በትሩም ስለሚያቈስል፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተጫዋች ሁሉ የራስ ቍር እንዲያደርግ ታዘዘ። ሴቶችም ካሞጊ የሚባል ይህንኑ የሚመስል ጨዋታ አላቸው፤ ማኅበራቸውም በ1904 ዓ.ም. ተመሠረተ።

ሀርሊንግ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጨዋታ ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ረኃብና ስደት አገሪቱን ስለ ጎዱ፣ ጨዋታውም በብዙ ስፍራ ሊጠፋ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ማይክል ኩዛክ የሚባል መምህር ከጓደኞቹ ጋራ በ1884 ዓ.ም. ተርልስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበርን አቆሙ። ይህም ታላቅ ማኅበር በየአጥቢያው ትናንሽ ማኅበሮች ኖሩት። ሰው የሚጫወተው እንደ ልማዱ ለተወለደበት ወይም ለሚኖርበት አጥቢያ ነው። ከጨዋታ ማኅበሮች ሁሉ የበረታውን መርጦ በዋጋ መግባት የለም። ለተጫዋችም ደመወዝ አይከፈልም። ቀን በእርሻው፣ በሱቁ ወይም በትምህርት ቤቱ ሲሠራ የዋለ ሰው፣ ማታ በትሩን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል።

ባሊሄል በአየርላንድ ደቡብ ምሥራቅ በኪልኬኒ አውራጃ ይገኛል። የዛሬው ማኅበሩ የተመሠረተው በ1972 ዓ.ም. ነው። በአንድ አጥቢያ ውስጥ ያሉ ጎረቤታሞች፣ ባሊሄልና ኖክቶፈር፣ ኖክሞይላንም፣ ኀይላቸውን አንድ አደረጉ። ስሙንም ባሊሄል ሻምሮክስ አሉት። ሻምሮክ ማለት በአየርላንድ ሜዳ የሚበቅል ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ነው፤ ሦስቱም ቅጠሎች ከአንድ አገዳ ይወጣሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋራ መወዳደር ይወድዳልና፣ ከሩቅ ሰው ይልቅ ከቅርብ ሰው ጋራ መስማማት ይከብዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀር ኖሮ 15 ብርቱ ሰዎች ለማግኘት ይቸገር ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ያገራችን ምሳሌ በእነዚህ ሰዎች ላይ ተፈጸመ።

ከተመሠረተ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. ማኅበሩ የኪልኬኒ አውራጃን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው አየርላንድ ማኅበሮች አንደኛ ሆነ። ያን ጊዜ ካሸነፉት መካከል ሰባቱ የፌኔሊ ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሰባት የአንድ እናት ልጆች ማለት ነው። በ1984 እና በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛና ሦስተኛ ጊዜ አገሩን ሁሉ አሸነፉ።

ከዚህ በኋላ የድርቅ ዘመን መጣ። ከ1991 ዓ.ም. ድል በኋላ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ የአውራጃቸውን ዋንጫ እንኳ አላገኙም። ከድል በኋላ አለማሸነፍ ከጥንቱ ድህነት ይልቅ ይመርራል። ብዙ ሰው ዘር ዘርቶ በሁለተኛው ዓመት ካላጨደ እርሻውን ትቶ ይሄዳል። የባሊሄል ሰዎች ግን ሜዳቸውን አልተዉም፤ ልጆቻቸውንም ማስተማር አላቋረጡም። የፊተኞቹ ጀግኖች ሸምግለው ከሜዳ ቢወጡም፣ ለልጆች በትር አያያዝ የሚያሳይ፣ ሜዳውን የሚያጭድ፣ መረቡን የሚጠግን ሰው አልታጣም። ይህን ሥራ ጋዜጣ አይጽፈውም፤ ሕዝብም አያጨበጭብለትም። ነገር ግን ድል ሁሉ የሚወጣው ከእርሱ ነው።

ማስረጃውም ይህ ነው። ማኅበሩ በ1990 ዓ.ም. አገሩን ሲያሸንፍ፣ ሄንሪ ሼፍሊን የሚባል የ11 ዓመት ልጅ በዚያው አጥቢያ ነበረ። ቀጥሎ በ2007 ዓ.ም. ሲያሸንፍ ያ ልጅ የ28 ዓመት ሰው ሆኖ ከአሸናፊዎቹ አንዱ ነበረ። እንግዲህ በመካከል ያለፉት 17 ዓመታት ባዶ አልነበሩም፤ ልጅ የሚያድግባቸው ዓመታት ነበሩ። ሼፍሊን ባንክ ውስጥ እየሠራ የሚጫወት ሰው ነበረ፤ ከኪልኬኒ አውራጃ ጋራም ከ2000 እስከ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 10 ጊዜ የአየርላንድን ዋንጫ አገኘ። በዚህም ሁሉ ክብር ሳለ ወደ ሌላ መንደር አልሄደም። መጫወት ከተወ በኋላም የመንደሩን ቡድን አሠልጥኖ በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. ለድል አበቃው። የተቀበለውን መለሰ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ነገር የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። «በደብሊን ከተማ ባለው ታላቅ ሜዳ ከ82 ሺህ በላይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጨዋታውን ያያል። ታዲያ የሚደክመውና የሚቈስለው ተጫዋች ስለ ምን ደመወዝ አያገኝም?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚጣል አይደለም። ለሥራው የሚገባውን መቀበል ለሰው ሁሉ ተገቢ ነው፤ ስለ ሌላው የሚቈስል ሰውም ሕክምናና እንክብካቤ ሊነፈገው አይገባም። ነገር ግን በእኛ አሳብ ደመወዝ ቢመጣ ገዢ ይመጣል፤ ገዢ ቢመጣ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያለው ከተማ ብርቱውን ልጅ ከየመንደሩ ይለቅማል። ያን ጊዜ ባሊሄል የሚያሳድግ እንጂ የሚያሸንፍ መንደር አይሆንም። ሽማግሌውም «የጎረቤቴ ልጅ ነው» ብሎ በሜዳው ዳር የሚደሰትበት ይቀርበታል። በገንዘብ የሚገዛ ነገር ብዙ ነው፤ የአገር ልጅነት ግን ከዚያ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ስለ መሸነፍ እንናገር፤ ሰው በድሉ ብቻ አይታወቅምና። በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሊሄል ሴንት ቶማስ ከሚባል ማኅበር ጋራ ተጋጠመ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በ2 ነጥብ ተበልጦ ነበር። ቲጄ ሪድ የሚባለው ተጫዋቹ የቅጣት ምት መትቶ ወደ መረቡ አስገባና ባሊሄል በ1 ነጥብ አለፈ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በመጨረሻው ግጥሚያ ባሊገነር ከሚባል ማኅበር ጋራ ተሰለፈ። አሁን በ2 ነጥብ የሚመራው ባሊሄል ነበረ። ነገር ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት ባላጋራው ወደ መረቡ አስገባበትና 23 ለ22 ተሸነፈ። በሌላው ላይ ያደረገው ያው ነገር በራሱ ላይ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ሰነፍ ሰው ዳኛውን ይሰድባል፤ ወይም በጓደኛው ያሳብባል። አስተዋይ ሰው ግን ትናንት ዕድል የእርሱ እንደ ነበረች ያስባል። ባሊሄሎች ወደ ሜዳቸው ተመልሰው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በጃንዋሪ 2023 ዓ.ም. ደንሎይ የሚባለውን ማኅበር 25 ለ18 አሸንፈው ዋንጫውን ዘጠነኛ ጊዜ ወሰዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ማኅበር አልነበረም።

በአገራችንም በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ይኸውም በሜዳ ላይ ሀብታምና ድኻ፣ አለቃና ሎሌ እኩል ናቸውና፣ የተመታም የተሸነፈም ቂም አይያዝ ማለት ነው። በጨዋታ መሸነፍን ያልተማረ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲሆን ኑሮ ባሸነፈው ጊዜ መነሣት አይችልም።

በመጨረሻም ስለ በትሩ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የሀርሊንግ በትር ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው አሽ ከሚባል ዛፍ ነው፤ ይህም ዛፍ ከወይራ ወገን ነው። አናጢው እንጨቱን የሚወስደው ከቅርንጫፉ ሳይሆን ግንዱ ከሥሩ ጋራ ከሚጋጠምበት ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ የእንጨቱ ጅማት ወደ ሥሩ ስለሚታጠፍ፣ የበትሩ ጫፍ ቆልማማ ቢሆንም ቶሎ አይሰበርም። ዛፉ ለበትር እስኪደርስ ሠላሳ ዓመት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ሽማግሌ የተከለውን የልጅ ልጁ ይጫወትበታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአሽ ዛፍ የሚያደርቅ በሽታ በአየርላንድ ስለ ታየ ብዙ ዛፍ ጠፍቷል። ስለዚህ በትሩን ከሌላ አገር እንጨት፣ ከቀርከሃም ይሠሩ ጀመር።

ልጅ የሚያንስበት አጥቢያ ደግሞ ሥሩ እንደ ታመመ ዛፍ ነው። በአየርላንድ ገጠር ወጣቶች ለሥራ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ስለሚሄዱ፣ 15 ልጅ ማሰለፍ አቅቶት ከጎረቤቱ ጋራ የሚዳበል ማኅበር አለ። ሥራ ፍለጋ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ ያሳደጉንን መርሳት ነው።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ታላቅ ሥራ ለመሥራት መንደራችሁ ታላቅ እስኪሆን አትጠብቁ። ጎረቤታችሁን አትናቁ፤ ተባብራችሁ ሥሩ። ድል ቢዘገይ ሥራችሁን አትተዉ። ከእናንተ የሚያንስ ልጅ በመጣ ጊዜ፣ እናንተን ያስተማራችሁ ሰው እንዳደረገው፣ የምታውቁትን ሳትሰስቱ አሳዩት። ይህን የሚያደርግ ሰው በእያንዳንዱ ቤት ቢገኝ፣ ትንሽ የሚባል መንደር አይኖርም።