ለማጀቴ ዐቃቤ ሕግ አዲሱን ሕግ እናድርስለት

ለመንገድ ሥራ መሬቱ የሚወሰድበት አንድ የማጀቴ ገበሬ እናስብ። ማሽላና ማሾ ያመርታል፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከማሳው ያገኘው በቅደም ተከተል 30፣ 20፣ 40፣ 60 እና 50 ሺህ ብር ነው እንበል። ምትክ መሬት አልተገኘለትም። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ቢሰላለት የአምስቱ ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛና የመፈናቀያ ካሳው 400 ሺህ ብር ይሆናል። ይህን አዋጅ የሻረው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛዋል፤ 900 ሺህ ብር ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ሚሊዮን ብር የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ ነው።

ነገሩ ወደ ክርክር ሲያመራ በመንግሥት በኩል የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ ሰው ከ2011 በፊት ተመርቆ ከዚያ ወዲህ የሕግ ሥልጠና ካላገኘ አሮጌውን ስሌት ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ጉቦ አልበላም፣ ክፉም አላሰበም፤ አዲሱን ሕግ የሚያደርስለት ስላጣ ብቻ ገበሬውን ይጎዳል፣ ወይም መሥሪያ ቤቱን በይግባኝ ያስረታል። 1161 ራሱ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወጥቶለታል። ስለዚህ በ2012 የሠለጠነውም ቢሆን ዛሬ እንደገና ማንበብ አለበት።

በዚህች አጭር ጊዜ ስንቱ ሕግ ተቀየረ! የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተካ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ በ2012 መጣ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 በ2009፣ የፌዴራሉ ቁጥር 1324 ደግሞ በ2016 ወጡ። የሰበር ችሎቱም አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የአንቀጹ ቃል እንዳለ ሆኖ ትርጉሙ ሊለወጥ ስለሚችል የሰበር ውሳኔ ቅጾችን ያላነበበ ዐቃቤ ሕግ በሽንፈት ያለቀ ክርክር ይዞ ችሎት ይገባል።

ወንጀሉን በቅርብ እንየው፤ የአገሬው ሰው ዐቃቤ ሕግን በይበልጥ የሚያውቀው በዚያ ነውና። የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ሲደርሰው የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ የሚያዘጋጅበት 15 ቀን ይሰጠዋል። ክሱ የሚጻፈው ሁላችንም በምናውቀው አጻጻፍ ነው፦ «በግምት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው…»። ሰው ሞቶ ከሆነ አንቀጽ 539 ነው ወይስ 540? የመጀመሪያው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ልዩነቱ በወንጀለኛው አስቀድሞ ማሰብ፣ በጨካኝነትና በአፈጻጸሙ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች በወንጀሉ ዝርዝር ውስጥ ካልሰፈሩና በማስረጃ ካልተደገፉ 539ን መጥቀስ ብቻውን ምንም አያመጣም። በተቃራኒውም ሆነ ብሎ አድብቶ የገደለ ሰው በ540 ከተከሰሰ የሟች ቤተሰብ የማይሽር ቂም ይዞ ይወጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ቂም የት እንደሚያደርስ መንገር አያስፈልግም።

ማጀቴ የምትገኝበት ይፋት ደግሞ ከባድ ዓመታት አሳልፏል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ፣ በ2014 ደግሞ በጦርነቱ የጠፋው ሕይወትና የወደመው ንብረት ገና አልተወራረደም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢቋቋምም ባይቋቋምም የመጀመሪያው የምስክር ቃል የሚቀዳው እዚሁ፣ አንጾኪያና ገምዛን በመሰሉ ወረዳዎች ነው። በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 269 ጀምሮ የተዘረዘሩትን ዓለም አቀፍ ወንጀሎች ብዙው ባለሙያ በኮሌጅ ምናልባት አንድ ሳምንት አይቷቸው ያለፈ ነው። ቃሉ ሲቀዳ ምን መጠየቅ እንዳለበት የማያውቅ ሰው የጻፈው መዝገብ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢከፈት የሚጠቅም ነገር አይገኝበትም።

«ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚለው በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 81 የሰፈረ መርሕ ነው። ገበሬው ላይ የሚሠራ መርሕ በራሱ በመንግሥት ጠበቃ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የ2013ቱ የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ተከታታይ የሕግ ሥልጠናን ከጠበቆች ግዴታ ቆጥሮታል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ የሕግ ባለሙያው በሦስት ዓመት 45 ሰዓት መማር አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና ያወጣው የዐቃብያነ ሕግ መመሪያም ተገቢ ትምህርትና ሥልጠና የመስጠት ኃላፊነትን በመንግሥታት ላይ ጥሏል።

እኛ ዘንድ ማሠልጠኛ የለም ማለቴ አይደለም። በባሕር ዳር የክልሉ የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ በአዲስ አበባም የፌዴራሉ የፍትሕና የሕግ ኢንስቲትዩት። ችግሩ ከማጀቴ ባሕር ዳር ሩቅ መሆኑና መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑ ነው። ደግሞም ሥልጠና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆቴል፣ አበልና ቦርሳ ነው፤ ሦስት ቀን ተሰብስቦ የቡድን ፎቶ ተነሥቶ መመለስ። ይህ ልማድ ብዙ ገንዘብ በልቷል፤ ዐቃቤ ሕጉን ግን አላስተማረም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽና ቋሚ ነገር ነው፦ በወር አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ አበል፣ በዚያው በወረዳው። የማጀቴ፣ የመኮይ፣ የአጣዬና የሸዋሮቢት ዐቃብያነ ሕግ ተራ በተራ እየተገናኙ አንድ አዲስ አዋጅ ወይም አንድ የሰበር ውሳኔ ያንብቡ። አንዱ አንብቦ ይምጣ፣ ሌሎቹ ይሟገቱት። የየወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቀኑን ቢያስከብርላቸውና ስብሰባ ባይጠራባቸው ከበቂ በላይ ነው።

የቀረው የእኛ ነው። በአዲስ አበባ የጥብቅና ቢሮ ከፍታችሁ የምትሠሩ የይፋት ልጆች፣ ለራሳችሁ ፈቃድ ብላችሁ የምትወስዱትን ሥልጠና ጽሑፍ ለወረዳችሁ አካፍሉ። ከመካከላችሁ በዓመት አንድ ቀን መጥቶ የሚያስተምር አይጥፋ፤ መንገድ ካልፈቀደ በስልክ፣ በቴሌግራም ይሁን። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን የሰበር ቅጾችንና አዋጆችን በፍላሽ ጭናችሁ ወደ ደሴ ለሚሄድ ለምታምኑት መንገደኛ ስጡ፤ ሸዋሮቢት ላይ የሚቀበል አይጠፋም። የደብረ ብርሃንና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንም ለማኅበረሰብ አገልግሎት ከምትመድቡት ጊዜ ጥቂቱ ወደ ቆላ ይውረድ። ፍርድ ቤት በክረምት ዝግ ሲሆን ተረኛ ችሎት እንጂ መደበኛው ችሎት ስለማይሰየም ረዘም ላለ ሥልጠና የሚመች ጊዜ ያ ነው።

የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆናችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ አቅም አላችሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦትና ሰኔ ላይ ረቂቁ ሲቀርብላችሁ «ለተከታታይ የሕግ ትምህርት» የሚል አንድ መስመር ፈልጉ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ለወረቀት፣ ለሕትመትና ለአንድ ላፕቶፕ የሚሆን ገንዘብ ለወረዳ አይከብድም። የምክር ቤት አባል ያልሆናችሁ የአካባቢው ነዋሪዎች የመረጣችሁትን ሰው በስሙ ጠርታችሁ ይህንኑ ጠይቁት።

በጡረታ ያላችሁ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ፣ በየቤታችሁ አቧራ የጠጡ የዝክረ ሕግና የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች እንዳሏችሁ እናውቃለን። ዓመተ ምሕረቱን በሽፋኑ ላይ ጽፋችሁ፣ የተሻረውን ከሚሠራው ለይታችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ፤ ስትሄዱም ቁጭ ብላችሁ ከወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጋር አንድ የሰው መግደል ክስ አንብቡ።