ስለ ጀልባ ሞተር ካንዴላ

በዚህ ዐምድ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ነገር እየመረመርን ስናቀርብላችሁ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ቤተ ሰቡን ይዞ በሞተር ጀልባ ለሚሻገር ሰው የሚያስፈልገውን፥ የካንዴላን ነገር እንናገራለን። ይህ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ከዚህ በታች ያለውን ያንብብ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋራ በማዶ ያሉትን ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ የሐይቅን ባሕር በትንሽ የሞተር ጀልባ ተሻገርን። የእስጢፋኖስን ገዳም ከኋላችን ትተን ከመካከል ስንደርስ፥ ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ አንቀጠቀጠና ዝም አለ። ባለጀልባው ካንዴላውን ፈትቶ ቢያየው እንደ ከሰል ጠቍሮ በዘይት ርሷል። አሮጌውን ጥሎ አዲስ አገባበት፤ ሞተሩም ተነሣ፤ ነገር ግን ብዙ ሳንርቅ ዳግመኛ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ከአምባሰል ተራራ ወገን ነፋስ ተነሥቶ ጀልባውን ያማታው ጀመር፤ መቅዘፊያም አልያዝንም ነበር። የባሕሩ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ እንደሚደርስ አውቅ ነበርና፥ ታናሺቱ ልጄ «አባባ፥ መቼ እንደርሳለን?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ቀርቦ ገመድ ጣለልንና በብዙ ድካም ወደ ዳር አወጣን።

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ከሚያውቁት ሰዎች መጠየቅ ጀመርሁ። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስሠራ የተማርሁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምስክርን እንደ ተከሳሽ መቅጣት የማይገባ መሆኑ ነው። ካንዴላም የሞተሩ ምስክር ነው፤ በውስጥ የተደረገውን በመልኩ ይናገራል። ባለጀልባው ግን ምስክሩን አባረረው እንጂ ቃሉን አልሰማውም።

ቃሉም እንዲህ ነው። በጫፉ ያለው ነጭ ሸክላ ለስለስ ያለ ቡናማ መልክ ቢይዝ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ቢለብስ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ጠቍሮ በዘይት ቢርስ፥ ወይ ከቤንዚኑ ጋራ የተቀላቀለው ዘይት ከልክ አልፏል፥ ወይም ብልጭታው ደክሟል። አመድ መስሎ ቢነጣ ወይም ጫፉ ቢቀልጥ ሞተሩ ያለ መጠን ግሏልና፥ የሚያቀዘቅዘው ውሃ መፍሰሱን ቶሎ መመልከት ይገባል። ሸክላው ቢሰነጠቅ ግን ጥፋቱ የካንዴላው የራሱ ነውና ይለወጥ።

በደጋ አገር ደግሞ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኦሌ ኤቪንሩድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1909 እንዲህ ያለውን ሞተር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፥ በካርቡራተር የሚሠሩት ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከሉት ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ሐይቅ ግን ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የቤንዚኑ መጠን ሳይቀነስ አየሩ ብቻ ስለሚያንስ ካንዴላው ይጠቍራል። የኛም ጀልባ በደሴ መካኒክ ሲመረመር፥ ቤንዚን የምታሳልፈው የናስ ቀዳዳ ለደጋ አገር እጅግ ሰፊ ሆና ተገኘች። ደግሞም የሞተሩ መጽሐፍ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ሲያዝ፥ ባለጀልባው በግምት ያፈስ ነበር። ቀዳዳዪቱ በጠባብ ተለውጣ ዘይቱም ከተለካ በኋላ፥ ካንዴላው ቡናማ መልኩን ይዞ ተገኘ።

እንግዲህ ሞተር በባሕር ላይ ቢጠፋ፥ አስቀድሞ የማጥፊያው ገመድ አለመውለቁን፥ የቤንዚኑ ጋን መተንፈሻም መከፈቱን ተመልከቱ። ቀጥሎም ካንዴላውን ፈትታችሁ መልኩን እዩ፤ የረሰ ቢሆን አድርቁት ወይም በደረቅ ለውጡት። ስትመልሱት ክሩ እንዳይበላሽ በመጀመሪያ በጣት አዙሩ፥ ከዚያ በመፍቻ አጥብቁ። ሁለት ካንዴላ ያለው ሞተር ከሆነ ቦታቸውን አለዋውጡ፤ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ቢሄድ ጥፋቱ በካንዴላው፥ በቦታው ቢቀር ግን በሽቦው ወይም በቦቢናው ወይም በሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብልጭታ መፈተን ካስፈለገ ይህን ለሚያውቅ ሰው በየብስ ላይ፥ ከቤንዚን ርቆ እንዲያደርገው ተዉለት፤ የቤንዚን እንፋሎት በአንዲት ብልጭታ ይነዳልና።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ደረቅ ካንዴላ፥ መፍቻ፥ መቅዘፊያ፥ ለያንዳንዱም ነፍስ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳትይዙ ከዳር አትነሡ። ልጆቻችንን አሳፍረን ስንሄድ፥ ለዓሣ አጥማጁ ቸርነት ብቻ ልንተዋቸው አይገባንም።