ሳዑዲና የመን ሲታረቁ የሐይቅ ልጅ የት ነበር?

ስለ ሳዑዲ ዓረቢያና ስለ የመን ግንኙነት መጻፍ ለወሎ ተማሪ ምን ይረባዋል የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መልሱን ልጇን ወደ ዓረብ አገር የሸኘች የሐይቅ እናት ታውቀዋለች። ልጁ በባቲ በኩል ወደ አፋር ይወርዳል፤ ጅቡቲ ገብቶ ከኦቦክ በጀልባ ባሕሩን ይሻገራል፤ ከዚያም የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን በእግርም በመኪናም አቋርጦ ሰዓዳ ይደርሳል። ከሰዓዳ ተራሮች ባሻገር ያለው ጂዛን የሳዑዲ ግዛት ነው። እንግዲህ የሁለቱ መንግሥታት ጠብና እርቅ ለእኛ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም። ልጁ ለምን ከቀዬው ይወጣል የሚለው የመሬትና የሥራ ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለጊዜው ልለፈው።

በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንደኛው፣ እነሱም ሙስሊሞች ወሎም የሙስሊም አገር፣ በዚያም ላይ ነጃሺ የነቢዩን ተከታዮች ያስጠለለ ነውና ውለታው አይረሳም የሚል ነው። ሁለተኛው የሚደርስብንን በደል ሁሉ ከሃይማኖት ጋር የሚያያይዝ ነው። በበኩሌ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። ለዚህም ከየመኖች ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም።

የመናዊና ሳዑዲ በሃይማኖትም በቋንቋም አንድ ናቸው፤ በድንበሩ አካባቢማ ጎሳቸውም የተሳሰረ ነው። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1934 ተዋግተው በጣይፍ ውል ሲታረቁ አሲር፣ ጂዛንና ናጅራን ለሳዑዲ ቀሩ። (የእኛ ልጆች የሚወድቁበት ወሰን እንግዲህ መነሻው ያ ውል ነው።) ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የመናዊው ሠራተኛ ሌላው የውጭ አገር ሰው የሚጠየቀውን ከፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ ሳይጠየቅ ገብቶ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የጅዳንና የሪያድን ሕንፃ ካቆሙት እጆች ብዙዎቹ የየመን እጆች ነበሩ፤ የየመንም ኑሮ የቆመው እነርሱ በሚልኩት ገንዘብ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። የመን በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሰሜንና ደቡቧን ያዋሐደች አዲስ መንግሥት ስትሆን፣ በጸጥታው ምክር ቤትም ወንበር ነበራት። ከሳዑዲ ጎን መሰለፍን አልፈቀደችም። በኖቬምበርም ኢራቅን በጦር ኃይል ለማስወጣት የቀረበውን ውሳኔ ቁጥር 678 ከኩባ ጋር ሆና ተቃወመች። ሳዑዲ ግን ያንን ድምፅ እስክትሰማ እንኳ አልቆየችም፤ በሴፕቴምበር የየመኖችን ልዩ መብት ሻረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ የመኖች ሱቃቸውንና ንብረታቸውን ባገኙት ዋጋ ሸጠው ወይም ጥለው ተመለሱ። ብዙዎቹም ሁደይዳ አጠገብ በተቀለሰ ጎጆ ሰፈሩ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በኒው ዮርኩ ስብሰባ እጁን ያወጣ አንድም አልነበረም። ዕዳውን ግን የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

ይህን ያህል የተሳሰሩትን ያላዳነ ወንድማማችነት ለእኛ በምን ሒሳብ ዋስ ይሆናል? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ስለ ነጃሺ ያነሣ አልነበረም። የመኖችም በ1990 የተባረሩት ሃይማኖታቸው ተጠልቶ አይደለም። ነገሩ የመንግሥታት ጥቅም ነው፤ ውል በእጁ የሌለው ሠራተኛ ደግሞ የዚያ ጥቅም መያዣ ሆኖ ይኖራል።

የባሰው ግን የጠባቸው ጊዜ ሳይሆን የእርቃቸው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2015 በሳዑዲ የሚመራው ኅብረት የመንን መደብደብ ጀመረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2022፣ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተደረገ። በማርች 2023 ሳዑዲና ኢራን ቤጂንግ ላይ ታረቁ። በተከታዩ ወር በየመን የሳዑዲ አምባሳደር ሰንዓ ድረስ ሄዶ ከሁቲ መሪዎች ጋር ተጨባበጠ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ያወጣው ዘገባ ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በዚያ ወሰን ላይ መግደላቸውን ይገልጻል። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ሲል አስተባበለ፤ የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ከሳዑዲ ጋር ሆኖ እንደሚያጣራ አስታወቀ።

አንባቢ ወሮቹን ያስተያይ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው መተኮስ ባቆሙበት ዘመን በመካከላቸው ለሚያልፈው ሦስተኛ ሰው ተኩሱ አልቆመም ማለት ነው። ሁቲዎችንም ነጻ አላወጣቸውም፤ በማርች 2021 ሰንዓ ላይ በስደተኞች ማቆያቸው ውስጥ በተነሣ እሳት ያለቁት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሐይቅ ወደ ሰሜን አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለ። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ ክፍል በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ እንደ ተገኘ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ኢትዮጵያና ሳዑዲ በ2009 ዓ.ም. የተፈራረሙትን የሠራተኛ ስምምነት ያነበበ ስንት ነው? ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ሠራተኛ አሠሪውን የሚለውጥበትን ሕግ ስታሻሽል የቤት ሠራተኞችን፣ እኅቶቻችን የሚበዙበትን ሥራ ማለት ነው፣ ከሕጉ ውጭ እንዳደረገች የሰማስ ስንት ነው?

መንግሥታችን ሳዑዲና የመን ስለ ወሰናቸው በሚነጋገሩበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ስለሚያልፉ ሰዎች ደኅንነት አንድ አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ አለበት። ስለ ሟቾቹ ስምና መቃብርም ለቤተሰብ መልስ መስጠት ይገባዋል። የእኛ የተማሪዎች ማኅበር ድርሻ ከዚህ ያነሰና የቀረበ ነው። የሕግ ተማሪዎች የስምምነቱን ቃል ፈልገው ያምጡ፤ ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ በሐይቅ፣ በውጫሌና በባቲ ለወጣቱ ይነበብለት። የዓረብኛውን ቅጂ ከአማርኛው ጋር የሚያስተያይ ሰው ደግሞ ወሎ ውስጥ ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያሻም፤ ኪታብ ሲቀራ ያደገ ደረሳ በየመንደሩ አለ።