«ድምፅ ብቻ ነው'ኮ!»

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ገና ዘጠነኛ ሳምንቷ። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ ወረፋው ለእኔ ደረሰ። ባለሙያው ቅባቱን ቀብቶ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አሳረፈና የልብ ምቱን አየ፣ ለካ፣ ጻፈ። አለቀ ብዬ ስነሳ «ቆዩ ጋሼ፣ ላሰማችሁ» ብሎ ዶፕለር የሚባለውን ከፈተው። ከዚያ ለእናቷ የሚላክ ቪዲዮ ተቀረጸ። ለባሏ ደግሞ ሌላ።

«ይሄን ያህል ሲቆይ ፅንሱን አይጎዳውም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ራጅ አይደለም'ኮ ጋሼ፤ ድምፅ ብቻ ነው!»

የዛሬው ጠቤ ከዚህች «ብቻ» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አልትራሳውንድ ከግላስጎው የመጣ ታላቅ በረከት ነው፤ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ በ1958 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ካስተዋወቁት ወዲህ ስንት እናት አትርፏል። መንታውን፣ ቦታውን የሳተ የእንግዴ ልጅን፣ የመውለጃ ጊዜን ይነግራል። በሰው ልጅ ላይ ጉዳት ማድረሱም እስካሁን አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል፤ በአገራችን ያቺን አንዷን እንኳ የማታገኝ እናት ሞልታለች። ስለዚህ «አእምሮ ያበላሻል» እያላችሁ ነፍሰ ጡር የምታስፈራሩ ሰዎች፣ እኔን ምስክር አድርጋችሁ እንዳትጠሩኝ።

ግን «አልተረጋገጠም» እና «የለውም» አንድ አይደሉም። ድምፅ ጉልበት ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጥንት ይውጠዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የታመመ ጡንቻ የሚያሞቀው በምን ሆነና? በዚሁ በአልትራሳውንድ ነው! ዶፕለር ደግሞ ጨረሩን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ከተራው ምስል የበለጠ ያሞቃል። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበራት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ በቂ ምክንያት አትክፈቱት የሚሉት ለዚህ ነው።

በ2006 የዬል ዩኒቨርሲቲው ፓስኮ ራኪችና ባልደረቦቹ የአይጥ ፅንሶችን ለአልትራሳውንድ አጋለጡ። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በቆዩት ላይ ጥቂት የአንጎል ሴሎች መድረስ ካለባቸው ቦታ ሳይደርሱ ቀሩ። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ራኪች ራሱም ለሕክምና የሚደረገው ምርመራ ይቅር አላለም። ለጨዋታ የሚደረገውን ግን ማን ይከላከልለታል?

«ስንት ዘመን ስንጠቀምበት የኖርነው!» ትሉኝ ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለፅንስ የሚፈቀደውን ጣሪያ በካሬ ሴንቲሜትር ከ94 ወደ 720 ሚሊዋት ከፍ አድርጎታል። ልጆችን አሳድገው ያዩት ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከዚያ በፊት በነበሩት ደካማ ማሽኖች ነው። ራጅንም ቢሆን ነፍሰ ጡሮች ለአሥርት ዓመታት ያለ ሥጋት ሲነሱት ኖረው፣ አሊስ ስቱዋርት በ1956 ከሕፃናት ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ ስትናገር የሚሰማት ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል።

ጣሪያው ከፍ ሲል ማሽኑ የሙቀት መጠቆሚያ ቁጥር በስክሪኑ ላይ እንዲያሳይ ተደርጎ ነበር። ቁጥሩ የተቀመጠው ለባለሙያው ነው። ያን ዕለት ሲያየው አላየሁም።

የምለው አጭር ነው። ሐኪም የሚፈልገው ነገር ካለ ይታይ፤ የታየው ከተገኘ ማሽኑ ይነሳ። እናንት እናቶች ደግሞ «አሁን የሚታየው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አደጋው እስኪረጋገጥ ቁጭ በሉ ለማለት አልነበረም።

ቪዲዮው ለእኔም ደርሶኛል። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ግን እኛ አይተን እንረሳዋለን፤ የሚሞቀው እሱ ነው።